የአባባ ሁለት ጡቦች

አምና በአባታችን ተዝካር ላይ ሥጋውን ያበላሸነው እኛ ነን። እኛ ማለት ሦስት ልጆች ነን፤ አንዳችን ሐይፋ፣ አንዳችን ቤር ሸባ እንማራለን፤ ትንሿ ገና ዘንድሮ ጀምራለች። ለተዝካሩ ግን ሁላችንም ሐዴራ እቤት ነበርን።

ከሐዴራ፣ ከነታኒያና ከአፉላ ሰማንያ የሚሆኑ ሰዎች መጥተው ነበር። ወጡን እማዬ ሌሊቱን ቆማ ሠርታዋለች፤ እሱን ማንም አልነካባትም። ጥብሱ ግን ሁልጊዜም ከሕንፃው ሥር ባለው ግቢ፣ በአባባ በርሜል ላይ፣ በከሰል ነው የሚሠራው። ለዚያ ብዙም አልተጨነቅንም። በየዓመቱ በነፃነት ቀን ማንጋል የማያነድ ተማሪ የት አለ? ሃያ ኪሎ ሥጋ በአራት ትላልቅ የአሉሚኒየም ትሪዎች ከመርን፣ ከሰሉን በርሜሉ መሐል ቆለልን፣ በካርቶን አራገብን፣ ትሪዎቹን ደረደርን።

መሐሉ አረረ። በጠርዙ በኩል ያለው በራሱ ውሃ ተቀቅሎ ግራጫ ሆነ። ማዕዘን ላይ የነበረው ደግሞ ገና ደም ነበረው። ደም የሚታይበት ሥጋ በሽማግሌዎቻችን ፊት ማቅረብ ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እርግጥ ሥጋው እንደ ደንቡ ግማሽ ሰዓት ተነክሮ፣ አንድ ሰዓት በጨው ቆይቶ፣ ታጥቦ ነበር፤ የታየው ቅላትም እንደ ሕጉ የሚያስነውር ላይሆን ይችላል። ግን በተዝካር ማዕድ ላይ ማን ይከራከራል? አጎታችን ቀዩን ቁራጭ በእንጀራ ጫፍ ሸፈኑና ወደ ዳር ገፋ አድርገው ወጡን መብላት ቀጠሉ። ምንም አላሉም። እኛ ግን አየናቸው።

ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እማዬ ወደ በርሜሉ ወርዳ ውስጡን ስታይ ቆየችና «ጡቦቹስ?» አለች።

ሁለት የጠቆሩ ጡቦች ነበሩ። ከተዝካሩ ሁለት ቀን በፊት በርሜሉን ስናጸዳ ቆሻሻ መስለውን ጥለናቸዋል።

አባባ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡ ጀምሮ እስከ ጡረታ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሠሩት። በርሜሉን ራሳቸው ለሁለት ሰንጥቀው እግር በየዱለት። በቤታችን ድስቱ የእማዬ፣ እሳቱ የአባባ ነበር። በርበሬውን፣ ኮረሪማውን፣ ሽንኩርቱ መቼ እንደሚገባ ከእማዬ ጠይቀን በስልካችን ጽፈናል፤ ቀርጸናታልም። አባባን ስለ እሳቱ የጠየቃቸው የለም። እሳት ምን አለው ብለን ነው። እማዬንም ጠየቅናት፤ «እኔ ሥጋውን እንጂ ከሰሉን መቼ አየሁት» አለች። የምታስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጡቦቹ ተራርቀው እንደሚቀመጡ፣ አባባም ትሪውን እየቆዩ ያዞሩት እንደነበር።

ከዚያ ወዲህ ነጻ ዓርብ ባገኘን ቁጥር፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ግቢ ወርደን በትንሽ ሥጋ ሞከርን። ጎረቤቶቻችን ስለ ጭሱ ያሉትን እዚህ አንጽፍም። አንድ ጊዜ ከሰል አልቆብን ከጫካው ዳር ደረቅ ባሕር ዛፍ ለቅመን አመጣን። ሐዴራ እ.ኤ.አ. በ1891 ስትቆረቆር ዙሪያዋ ረግረግ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ ሞተዋል፤ ባሕር ዛፉ የተተከለው ረግረጉን እንዲመጥ ነው። በዚያው ዘመን ግድም ምኒልክም ለአዲስ አበባ ማገዶ ባሕር ዛፍ አስመጥተዋል። እማዬ ጭሱ ሲሸታት ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት «ባሕር ዛፍ ለምጣድ ነው እንጂ ለሥጋ ማን አላችሁ!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ ሥጋው የጉንፋን መድኃኒት መድኃኒት ይል ነበር።

ቀስ በቀስ የጡቦቹ ነገር ገባን። መሐል ያለ ፍም ከየአቅጣጫው ይሞቃል፣ ዳር ያለው ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሰል እኩል ብታነጥፈውም እሳቱ እኩል አይሆንም። ጡቦቹ ፍሙን ወደ ሁለቱ ጫፍ ለይተው ይይዙታል፤ በመካከላቸው ስስ አድርጎ መበተን ነው። ጡብ ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ ውሃ የጠጣ ጡብ እሳት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አባባ በክረምት ደረጃ ሥር ያስቀምጧቸው የነበረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስሱ የአሉሚኒየም ትሪም ጥፋት አለበት። ከሥሩ ያገኘውን ሙቀት ወደ ጎን ሳያዳርስ እዚያው ላለው ሥጋ ይሰጠዋል። አሁን ወፍራም የብረት ትሪ ነው የምንጠቀመው፤ ከሌለ ሁለቱን አሉሚኒየም ደራርቦ መያዝ ይረዳል። ነፋሱንም ረስተነው ነበር። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ሲነፍስ የምዕራቡ ጫፍ ፍም ቦግ ይላል፣ ሌላው ያንቀላፋል። በየአምስት ደቂቃው ትሪውን ግማሽ ዙር ካላዞሩት አንዱ ወገን ማረሩ አይቀርም።

ዋናው ጥፋታችን ግን መከመሩ ነበር። ሥጋ ውሃውን ሲለቅ፣ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ትሪው ውስጥ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሥጋ ደግሞ ቡናማ መሆን የሚጀምረው 140 ዲግሪ ግድም ነው። አምስት ኪሎ በአንድ ትሪ ከታጨቀ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ስለዚህ ዘንድሮ ያንኑ ሃያ ኪሎ፣ እኩል እኩል ተቆርጦ፣ በየትሪው ሁለት ኪሎ ተኩል እያደረግን በስምንት ዙር ሠራነው። ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ጠበቅን፤ ሥጋው ውሃውን ሲጨርስ ዘይትና ሽንኩርት ጨመርን፤ መጨረሻ ላይ ትሪውን ወፍራም ፍም ወዳለበት ጫፍ ሳብን። ስምንት ዙር ጊዜ ይፈጃል፤ እንግዳው እየጠበቀ እኛ ገና አራተኛው ላይ ነበርን።

እማዬ ጉልበቷ ስለሚያማት ወንበር አውጥተንላት ከበርሜሉ አጠገብ ተቀምጣለች። ትንሿ ቴርሞሜትር ይዛ ስትጎነበስ «ተዪው፣ ስሚው» አለቻት። ውሃው እያለ ሥጋው ይንተከተካል፤ ሲያልቅ ድምፁ ይሰላል፣ ቸስ ይላል። ከዚያ በኋላ እሷ በጆሮዋ «አሁን» ትላለች፣ እኛ ትሪውን እንስባለን።

ጡቦቹ አዲስ ናቸው፤ ከአንድ የሕንፃ ሥራ ዘበኛውን ለምነን ያመጣናቸው። ገና ቀይ ናቸው።

አጎታችን ዘንድሮም መጡ። ጥብሱ ሲቀርብላቸው አንድ ቁራጭ አንሥተው በጣታቸው ለሁለት ከፈሉና ውስጡን አዩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ሦስታችንም በሩ ላይ ቆመን እያየናቸው ነበር።

«ምን ትገተራላችሁ?» አሉ። «እንጀራ ጨምሩ።»