የ450 ሰው ሥራ፦ ሁለት የአሜሪካ ግዛቶች ለጀማሪ ኩባንያዎች ያዋሉት ገንዘብ

እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2012 በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት ዋና ከተማ በፕሮቪደንስ የሚገኘው 38 ስቱዲዮስ የተባለ የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ሠራተኞቹን በሙሉ በአጭር የኢሜይል መልእክት አሰናበተ። በሜሪላንድ ግዛት የነበረውን እህት ስቱዲዮ ጨምሮ በአንድ ቀን ሥራ ያጡት ሰዎች ወደ 400 ይጠጋሉ። የወሩ አጋማሽ ደመወዝ አስቀድሞ ቀርቶባቸው ነበር፤ የጤና መድናቸውም አብሮ ተቋረጠ። ከማሳቹሴትስ ኑሯቸውን ነቅለው ኩባንያውን ተከትለው ከመጡት መካከል አንዳንዶቹ፣ ተሸጦልናል ብለው ያመኑት የቀድሞ ቤታቸው አለመሸጡንና የባንክ ዕዳውም አሁንም በስማቸው መሆኑን ያወቁት በዚያው ሰሞን ነው።

ጀማሪ ኩባንያ መውደቁ እንግዳ ነገር አይደለም። የዚህን ኩባንያ ውድቀት የሕዝብ ጉዳይ ያደረገው ለ75 ሚሊዮን ዶላር ብድሩ ዋስ የሆነው የግዛቲቱ መንግሥት መሆኑ ነው። በ2010 በሮድ አይላንድ የሥራ አጥነት መጠን ከ11 በመቶ በላይ ነበር። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎቿ ከተዘጉ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ የታወቀችባቸው የጌጣጌጥ ማምረቻዎችም ተመናምነዋል። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ለሆነ ግዛት ከጎረቤቷ ከማሳቹሴትስ አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መውሰድ ታላቅ ድል መስሎ መታየቱ አይፈረድበትም። የኩባንያው መሥራች ኩርት ሺሊንግም በአካባቢው ሕፃን አዋቂው የሚያውቀው ሰው ነው፤ በ2004 እና በ2007 ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር ዋንጫ ያነሣ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ነበር። የኩባንያው ስም ራሱ ከማሊያ ቁጥሩ የተወሰደ ነው።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሥራ ለሚፈጥሩ ኩባንያዎች የሚውል የ125 ሚሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ፕሮግራም አጸደቀ። ከዚህ ውስጥ 75 ሚሊዮኑ ለአንድ ኩባንያ፣ ያውም እስከዚያ ቀን አንድም ጌም ለገበያ ላላቀረበ ኩባንያ ተመደበ። ኩባንያው በበኩሉ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ፕሮቪደንስ ለማዛወርና እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ 450 ሰዎችን ለመቅጠር ቃል ገባ። ውሉን የደገፉት አገረ ገዥ ዶናልድ ካርሲየሪ የሥልጣን ዘመናቸውን በመጨረስ ላይ ነበሩ። ለቦታው ይወዳደሩ የነበሩት ሊንከን ቻፊ ሐሳቡን በግልጽ ተቃውመው ነበር፤ አሸንፈው ቢሮ ሲገቡ ግን ውሉ ተፈርሞ፣ ቦንዱም ተሸጦ ጠበቃቸው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው ቁጥር 75 ሚሊዮን ነው። ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ግን 450 ነው። ለመንግሥት የሥራ ዕድል ውጤት ነው፤ በምክር ቤት ይጠቀሳል፣ በጋዜጣ ይወጣል፣ በምርጫ ዘመቻ ይነሣል። ምርቱን ገና ላልጨረሰ ኩባንያ ግን እያንዳንዱ ቅጥር በየወሩ የሚከፈል ወጪ ነው። በፕሮቪደንሱ ውል ገንዘቡ የሚለቀቀው ከመሥሪያ ቤቱ መዛወርና ከሠራተኛ ቅጥር ጋር ተያይዞ ነበር። ስለዚህ በጥቂት ሰዎች ቆጥቦ፣ ሐሳቡን እየፈተሸ፣ ካልሆነለትም አቅጣጫ እየቀየረ ሊቆይ ይችል የነበረ ኩባንያ ቶሎ እንዲያብጥ የሚገፋው ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ከጀማሪ ኩባንያ አስቀድሞ የሥራ ቁጥር መጠየቅ ያለችውን ገንዘብ በፍጥነት እንዲጨርስ ከመጠየቅ ብዙም አይለይም። ይህ የሺሊንግን የአመራር ስሕተት አይሸፍንም፤ ነገር ግን ልምድ ያለው ሥራ አስኪያጅም ቢሆን ከዚያ ውል ጋር መታገሉ አይቀርም ነበር።

ኮፐርኒከስ የሚል የውስጥ መጠሪያ የነበረውና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው እንዲጫወቱት የታሰበው ግዙፉ ጌም ሳይጠናቀቅ ቀረ። በፌብሩዋሪ 2012 ለገበያ የቀረበው የኩባንያው ብቸኛ ጌም በአብዛኛው የተሠራው በሜሪላንዱ ስቱዲዮ ነው። የሮድ አይላንድ ሕዝብ ዋስ የሆነለት የፕሮቪደንሱ ቡድን ዋና ሥራው ገበያ ሳይደርስ ተበተነ።

በ2016 የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በግዛቲቱ የኢኮኖሚ ልማት ኮርፖሬሽንና ቦንዱን ባሻሻጠው ባንክ ላይ ክስ ሲመሠርት፣ የክሱ ፍሬ ነገር ቀላል የመቀነስ ሂሳብ ነበር። ኩባንያው ጌሙን ለመሥራት ቢያንስ 75 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልገው ነበር፤ ከቦንዱ ሽያጭ መጠባበቂያውና ልዩ ልዩ ክፍያው ተቀንሶ እጁ የሚገባው ግን 50 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቦንዱን ለገዙት የቀረበው ሰነድ ይህን ጉድለት አልገለጸም የሚል ነው ክሱ። የ450 ሰው ሥራ የሚለው ተስፋ በሰፊው ሲነገር፣ የ25 ሚሊዮኑ ክፍተት በሰነድ ውስጥ እንኳ ቦታ አለማግኘቱ ብዙ ይናገራል።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ለማየት ወደ ፔንሲልቬኒያ፣ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የብረታ ብረት ኢንዱስትሪው ሲንኮታኮት የግዛቲቱ ሥራ አጥነት ከሮድ አይላንዱ የሚተናነስ አልነበረም። አገረ ገዥው ዲክ ቶርንበርግ በ1982 ያስጀመሩት የቤን ፍራንክሊን ሽርክና ግን አንድ ትልቅ ኩባንያ ፍለጋ አልወጣም። በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ አራት ማዕከሎች ተቋቋሙ፤ ከእነዚህ አንዱ በቤተልሔም ከተማ በሚገኘው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ማዕከሎቹ ከግዛቲቱ ለሚያገኙት ገንዘብ ከግል ኩባንያዎች፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከሌሎች ምንጮች ተመጣጣኝ መዋጮ ማምጣት ነበረባቸው፤ በጀቱንም የሚካፈሉት እርስ በርስ ተወዳድረው ነው። ለአንድ ኩባንያ የሚሰጠው ገንዘብ መጠነኛ በመሆኑ አንዱ ቢወድቅ ፕሮግራሙን ይዞ አይወድቅም። ከሁሉ በላይ፣ የራሱን ገንዘብ አብሮ የሚያስቀምጥ ሦስተኛ ወገን በመኖሩ፣ የሐሳቡን ጥራት የሚመዝነው የመንግሥት ሹም ብቻ አልነበረም። በፕሮቪደንስ የጎደለው ይህ ነው።

ቤተልሔም የብረት ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በዚያ የነበረው የቤተልሔም ስቲል ፋብሪካ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ የሳን ፍራንሲስኮው የጎልደን ጌት ድልድይ ብረት ከዚህ ኩባንያ የተገኘ ነው። በከተማዋ ብረት ማቅለጥ በ1995 አቆመ፤ ኩባንያው በ2001 ኪሳራ አወጀ። ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ላይ የነበሩት የፋብሪካው የምርምር ላቦራቶሪዎች ወደ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ በአንደኛው ሕንፃም የቤን ፍራንክሊን የኢንኩቤሽን ማዕከል ገባበት። የብረት ተመራማሪዎች ይሠሩበት በነበረው ክፍል ዛሬ ሁለት ሦስት ሰዎች ያሏቸው ኩባንያዎች ጠረጴዛ ተከራይተው ይሠራሉ።

በዚህ ማዕከል ድጋፍ ካደጉት መካከል በ1987 የተመሠረተው ሶላርኬር ቴክኖሎጂስ ይገኛል። ሲጀምር ያመርት የነበረው ከፀሐይ ቃጠሎ የሚከላከል ቅባት የተነከረ መጥረጊያ ነበር። እንደ ቴክኖሎጂ ኩባንያ አጀማመሩ ፈገግ ያሰኛል። ኩባንያው ስሙን ኤስቲሲ ብሎ ወደ ሕክምና ምርመራ ውጤቶች ዞረ፤ በ2000 ከኦሬገኑ ኤፒቶፕ ጋር ተዋሕዶ ኦራሹር ቴክኖሎጂስ ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱንም በቤተልሔም አደረገ። በጁላይ 2012፣ 38 ስቱዲዮስ ሠራተኞቹን ካሰናበተ ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የኦራሹርን የኤች አይ ቪ መመርመሪያ በቤት ውስጥ ለመጠቀም ፈቀደ። ከድድ በሚወሰድ ናሙና ራስን የመመርመር ዘዴ ዛሬ በኢትዮጵያም የታወቀ ነው። በ1987 አንድ የመንግሥት ሹም ሶላርኬርን «በሁለት ዓመት ስንት ሰው ትቀጥራለህ?» ብሎ በውል ቢያስረው ኖሮ፣ መልሱ የሚሰላው በመጥረጊያው ሽያጭ ነበር። ከመጥረጊያ ወደ ምርመራ ለመዞር የሚያስፈልገው ነፃነትም በውሉ ውስጥ ባልኖረ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል የፔንሲልቬኒያው መንገድ ዕዳው የተከፈለ ይመስል ማወደስ አይገባም። ምድጃው ሲጠፋ ሥራ ያጣው የሃምሳ ዓመት ብረት አቅላጭ የምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ አልተቀጠረም። ኢኮኖሚስቱ ኤንሪኮ ሞሬቲ በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ የከፍተኛ ቴክኖሎጂ ሥራ በዚያው ከተማ በጊዜ ሂደት አምስት ያህል ሌሎች ሥራዎችን እንደሚያስከትል አስልተዋል፤ አስተናጋጁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አናጺው፣ ጠበቃው ሁሉ በዚህ ይቆጠራሉ። ስሌቱ የሚያጽናና ነው። ሆኖም «በጊዜ ሂደት» የሚለው ሐረግ ለከተማና ለአንድ ሰው ዕድሜ እኩል ትርጉም የለውም። የቀድሞው ፋብሪካ ግቢ ላይ በ2009 የተከፈተው ካሲኖ ነው፤ ሥራ አጥቶ የቆየ ሰው ቀርቦ ሊያመለክት የሚችለው ከላቦራቶሪው ይልቅ እዚያ ነው።

በተመራማሪ ዓይን ሲታይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ፕሮግራሙ ራሱ ያሠራቸው ግምገማዎች በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሥራዎችን በስሙ ያስመዘግባሉ። ድጋፍ ያገኙት ኩባንያዎች ግን በዕጣ የተመረጡ ሳይሆኑ ተስፋቸው ታይቶ ነው፤ ስለዚህ ያለ ድጋፉም ሊያድጉ የሚችሉት ስንቶቹ እንደነበሩ መለየት ከባድ ነው። ቲሞቲ ባርቲክ በ2018 ስለ ግዛቶች ማበረታቻ የተጻፉ ጥናቶችን መርምረው የደረሱበት ግምት፣ ማበረታቻው ውሳኔያቸውን የቀየረላቸው ኩባንያዎች ከ2 እስከ 25 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ያሳያል። ግምቱ የሚመለከተው የቦታና የማስፋፊያ ውሳኔን እንጂ የኢንኩቤሽን ድጋፍን አይደለም፤ ቢሆንም አንድ ሹም ሪባን ሲቆርጥ የሚጠራው ቁጥር ሁሉ የእርሱ ሥራ ፍሬ እንዳልሆነ ለማስታወስ ይበቃል። ሃልቲዋንገር፣ ጃርሚንና ሚራንዳ በ2013 ያወጡት ጥናትም አዲስ ሥራ በመፍጠር ረገድ ልዩነት የሚያመጣው የኩባንያ ትንሽነት ሳይሆን ዕድሜ መሆኑን አሳይቷል፦ ወጣት ኩባንያዎች ብዙ ሥራ ይፈጥራሉ፣ ብዙዎቹም ከነሥራው ይጠፋሉ። ይህን እያወቁ ከአንድ ወጣት ኩባንያ የተወሰነ የሥራ ቁጥር በተወሰነ ቀን መጠበቅ የጥናቱን ግማሽ ብቻ እንደ ማንበብ ነው።

ሮድ አይላንድ ዕዳውን የከፈለችበት መንገድም ልዩ ነበር። ቦንዱ «የሞራል ግዴታ ቦንድ» ከሚባለው ዓይነት ነው። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው ግዛቲቱ በሕግ የመክፈል ግዴታ የለባትም፤ አገረ ገዥው ገንዘቡ በበጀት እንዲያዝ ይጠይቃል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። በመሆኑም ኩባንያው ከከሰረ በኋላ በበጀት ወቅት ያው ክርክር ይነሣ ጀመር። እኛ ያልፈቀድነውን ዕዳ፣ ሕግ ያላስገደደንን ዕዳ ለምን እንከፍላለን የሚሉ ተወካዮች ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም ቀላል አልነበረም። ባንከፍል የግዛቲቱ የብድር ደረጃ ይወርዳል፣ ለትምህርት ቤትና ለድልድይ ስንበደር ወለዱ ይጨምርብናል የሚለው ወገን አሸነፈ። ክፍያው በበጀት እንዲያዝ ምክር ቤቱን የጠየቁት ውሉን አስቀድመው የተቃወሙት ቻፊ ራሳቸው ነበሩ። ግዛቲቱ በውሉ የተሳተፉትን ከስሳ በስምምነት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስመለሰች፤ የኢኮኖሚ ልማት ኮርፖሬሽኑም በ2014 ስሙና አደረጃጀቱ ተቀይሮ የንግድ ኮርፖሬሽን ሆነ። በግንቦቱ ኢሜይል የተሰናበቱት ሠራተኞች ግን ያልተከፈላቸውን ደመወዝ በኪሳራ ችሎቱ በኩል ሲጠብቁ ቆይተው፣ በ2021 ከተገባቸው ገንዘብ ጥቂቱን ክፍል ብቻ አገኙ።