ዝቅ ያለችው ፒክአፕና የሻሸመኔው ሽምግልና

የዛሬው ወጋችን የመንገድ ወግ ነው። ከአዳማ ተነስተን በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አድርገን ሻሸመኔ እንገባለን። እንገባለን ስላችሁ ግን በቀላሉ አልገባንም...

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ አዳማ ነው ተወልዶ ያደገው (እኛ የድሮዎቹ እስከ ዛሬ «ናዝሬት» ማለቱን አልተውንም)። አባቱ ሲሞት አንዲት ደብል ጋቢና ፒክአፕ ትቶለታል። በእሷ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ፣ አዳማ እያራገፈ እናቱን ያስተዳድራል። ጎበዝ ልጅ ነው። ምን ያደርጋል፣ ወጣት ነውና መኪናዋን «ላሳምራት» አለ። አንዱ ጋራዥ ወሰዳትና ፊቷን ዝቅ አስደረገ፣ ከኋላም ከባሌስትራው ላይ ሁለት ንጣፍ አስወለቀ። ሰፊ ቸርኬ ተገጠመላት። ምን አለፋችሁ፣ መሬት ልትስም ምንም አልቀራት! የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ «ቆንጆ!» አለ። እህቴ ብቻ «ልጄ፣ ይህቺ መኪና ምን አስጎነበሳት?» ብላ ጠየቀች። ማን ይስማት!

መኪናዋም በበኩሏ መናገር ጀምራ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲነዳት መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፊት ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ተበልቶ አልቋል። እሱ ግን «መንገዱ ልሙጥ ነው፣ ትሄዳለች» ይላል። ልሙጥ መንገድ ገመና ይሸፍናል፤ ገመናን የሚያወጣው ሸካራው ነው።

እናላችሁ፣ ልጁ ሻሸመኔ አንዲት ልጅ ወደደና ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ልንጠይቅለት ተነሳን። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ገብቶ አይቀመጥም፤ የእሱ ድርሻ እኛን አድርሶ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ኮረብታው ላይ ያሉትን የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አልፈን፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን የድሮውን መንገድ ያዝን። አዋሽን ገድቦ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውን የቆቃን ውኃ ከሩቅ አየን። ዓለም ጤናን፣ መቂን አለፍን። ከተማ በገባን ቁጥር የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ መኪናዋ ሆዷን ትመታለች፣ ከፊት በኩል «ኳ! ኳ!» ይላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፣ «ይህ ድምፅ እንኳ የእኔ ጉልበት ይመስላል» ብለው አሳቁን።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። ባቱን (ዝዋይን) አልፈን፣ አዳሚ ቱሉን ጨርሰን ወደ ቡልቡላ ስንቃረብ ከብት መንገድ አቋረጠንና ልጁ ፍሬን ያዘ። በዝግታ ስንንከባለል «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማን። መኪናዋ በቀኝ በኩል ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ወርደን ስናይ ጎማው እንደ ተሰበረ እግር ወደ ጎን ተኝቷል። እነዚያ ላሞች ባይገቡብን ኖሮስ? በዚያ ፍጥነት ጎማው ቢታጠፍ፣ ሽምግልናው ቀርቶ ለቅሶ ይሆን ነበር። የልጁ ፊት አመድ መሰለ።

ከግራሩ ጥላ ሥር የነበሩ አንዲት እናት «አካም ጅርቱ?» ብለው ቀረቡን፣ ውኃም አመጡልን። የአካባቢው ልጆች መኪናዋን ገፍተው ከአስፋልቱ ዳር አወጡልን። አንዱም ባቱ ያለ የሚያውቀው መካኒክ ጋ ደወለ። ከሰዓት ተኩል በኋላ አንድ አዛውንት መካኒክ መፍቻቸውን በጆንያ፣ አዲስ ቦል ጆይንት በኪሳቸው ይዘው በባጃጅ መጡ። ክሪካቸውን ተከሉ፣ ከሥርም ወፍራም ግንድ ደገፉ። «ክሪክ አምኖ መኪና ሥር የሚገባ ሚስቱን የጠላ ነው» አሉ። ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይህቺን መኪና ማን አስቀመጣት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ...»

«አየህ፣ የዚህች መኪና ፊት በስፕሪንግ አይደለም የቆመው። ቶርሽን ባር የሚባል ረጅም ብረት እየተጠማዘዘ ነው የሚሸከማት። ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን ሲያላሉልህ ወረደችልህ። ግን ክንዶቹ ተጣመሙ። ቦል ጆይንቱና ቴስቲናው ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን አዙረው ይሠራሉ። ጎማው አናቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ጠርዙ ይበላል። ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ መውጫ ቦታ የላትምና ብረት ከብረት ይማታል። በዚህ ላይ ሽንኩርት ትጭንባታለህ! አንተ ጉልበቷን አጥፈህ ሩጪ አልካት።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። አዛውንቱ የተሰበረውን ለወጡና «ይህ ጋራዥ ድረስ የሚያደርሳት ነው እንጂ ጥገና አይደለም» ብለው አስጠነቀቁ። እሱ መኪናዋን በጫኝ መኪና ወደ አዳማ መለሳት። እኛ በሚኒባስ ቀጠልን።

ሻሸመኔ ስንደርስ ረፍዷል። የልጅቷ አባት በአሰብ መስመር ዘመናቸውን የፈጁ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። «ምን ሆናችሁ ዘገያችሁ?» አሉ። መዋሸት አልፈለግንም፣ ሁሉንም ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። «ሰውን ጭኖ የፊት እግሯን ሳያይ የሚነዳ ልጅ፣ ልጄን እንዴት አድርጎ ነው የሚይዛት?» ሲሉ ማን ይመልስ! በመጨረሻ የአንድ ወር ቀጠሮ ሰጡን። ስንወጣም «በዚያችው መኪና ኑ፣ አያታለሁ» አሉ።

መኪናዋ እንዴት ዳነች?

አዳማ ስንመለስ ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ሥራውን ተከታተልኩ። (የጋራዥ ቋንቋችን እንደምታውቁት ከጣሊያን የወረስነው ነው፤ ቴስቲናው፣ ባሌስትራው፣ ክሪኩ፣ ዳዶው...) መካኒኩ ቦል ጆይንቶቹን በግራም በቀኝም ለወጠ። «አንዱ ካለቀ ወንድሙም ተከትሎት ነው» አለን። ቴስቲናዎቹን ሲፈታ ስንት ጊዜ እንደዞሩ ቆጠረ፣ አዲሶቹንም ያንኑ ያህል አስገባ። የክንዶቹን የጎማ ቡሾችና የዛሉትን አሞርዛተሮች ቀየረ። ከዚያ የቶርሽን ባሩን ብሎን አጥብቆ ፊቷን ወደ ቦታዋ መለሳት፣ ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው በግራም በቀኝም ለካ፣ እኩል አደረገው። የወለቁት የባሌስትራ ንጣፎችም ተመለሱ። የቡሾቹን ብሎን በመጨረሻ ያጠበቀው መኪናዋን መሬት አውርዶ በጎማዋ ካቆማት በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለ ከተጠበቀ ጎማው ተጠማዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጎማ አላይመንት ተወሰደች።

እርስዎም ይሞክሩት

ውድ አንባቢ፣ መኪናዎ ዝቅ ያለችም ባትሆን ይህን ያድርጉ። የፊት ጎማዋን በክሪክ አንስተው በጠንካራ ነገር ይደግፉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ከተወዛወዘ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎት። ውዝዋዜው ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ይጠርጥሩ። በግራና በቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት ከተንቀጫቀጨ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቴስቲናው ነው። የተቀደደ የግራሶ መሸፈኛ ጎማ፣ በአንድ ወገን የተበላ ጎማ፣ ጉብታ ላይ «ኳ!» የሚል ድምፅ ከተመለከቱ ለነገ አይበሉ። ያገለገለ ቦል ጆይንት ረከሰ ብለው አይግዙ፣ የነፍስ ዕቃ ነውና። ዝቅ ማድረግ የግድ ካማረዎትም ከፍታው ሲቀየር አላይመንቱ አብሮ ይስተካከል፣ ጭነትም አይጫንባት።

ወሩ ሲሞላ በዚያችው መኪና ሄድን። ቡልቡላ ስንደርስ ውኃ ላጠጡን እናት ስኳርና ቡና አደረስን። ሻሸመኔ ስንገባ አባትየው ከቤት ወጡ። እኛን ሰላም ከማለታቸው በፊት ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብለው ጎማውን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አደረጉት። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን ቆመናል። ተነሱና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ግቡ፣ ቡና ተፈልቷል» አሉን።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ!