ዳታችንን ማን በላው?

በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን እንኖራለን። ገንዘብ አዋጥተን ወርኃዊ የኢንተርኔት ጥቅል እንገዛለን፤ መሥመሩ የሚገባው በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ስልኮቻችን ሁሉ ከሷ ዋይፋይ ይቀዳሉ። ታዲያ ጥቅሉ ወሩ ሳይጋመስ ማለቅ ሲጀምር ሐሜቱ በአንድ ፊልም ወዳድ ጓደኛችን ላይ አረፈ።

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነን፤ ከሊኑክስ ጥቁር መስኮት ጋር ብዙም ትውውቅ የለንም። ቢሆንም አይኤፍቶፕ የምትባለውን መሣሪያ በሱዶ አስነሣናት። ማን ከማን ጋር ስንት እንደሚቀባበል በየመሥመሩ ትዘረዝራለች፤ ከጎኑም የ2፣ የ10 እና የ40 ሰኮንድ አማካይ ታሰፍራለች። የ2ቱ እንደ አፍላ ቁጣ ይዘላል፤ የ40ው ረጋ ያለ ነው።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጉዱ ወጣ። አንድ ስልክ፣ ባለቤቱ እያንኮራፋ፣ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይልካል። ፊልም የሚያይ ሰው ይቀበላል እንጂ እንዲህ አይልክም። ለካስ ስልኩ ዋይፋይ ሲያገኝ ነጻ መሥመር መስሎት ፎቶግራፎቹን በሙሉ ወደ ሩቅ መጋዘን ያጓጉዛል! ባለቤቱ ደግሞ ሐሜቱን ከሁሉ በላይ ሲያራግብ የነበረው ነው። መቸም ሳቅን።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። «እንግዲያው ማን የት እንደሚገባም እንወቅ» የሚል ተነሣ። ለዚህም መሣሪያ አለ፤ ቲሲፒደምፕ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የተሠራ ነው። በላፕቶፗ በራሷ ላይ ሞከርነው። የስም መጠየቂያውን በር፣ ፖርት 53ን፣ ብቻ እንዲያዳምጥ አዝዘን አንድ የጋዜጣ ገጽ ብንከፍት፣ የጠራነውም ያልጠራነውም ስም ይንጋጋ ጀመር። ገጹ ራሱ በፖርት 443 ተቆልፎ ያልፋል፤ ቃሉ አይነበብም። ዳሩ ግን ደብዳቤው ቢታሸግም ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ይታያል። ከስድስታችን አንዱ ሌሊት የሆስፒታል ወይም የዲቪ ገጽ ቢከፍት፣ ስልኩም ጥያቄውን ካላመሰጠረ፣ ጭንቀቱን አወቅንበት ማለት ነው። በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ ለሚኖር ሰው ከዚያች ስልክ ሌላ ምን ጓዳ አለው?

ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። «የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል?» ያለም ነበር፤ በል ካንተ እንጀምር ሲባል ዝም አለ። በመጨረሻ አይኤፍቶፕ ብቻ እንዲቀር ተስማማን፤ እሱም «ማይነስ ኤን» ታክሎበት፣ ስም ሳይጠራ ቁጥር ብቻ እንዲያሳይ። የፎቶግራፎቹ ጌታ ስልኩን አስተካክሏል። በዚህ ወር ጥቅሉ እስከ 27ኛው ቀን ደርሷል።