የዳነ ሰው መድኃኒቱን መቼ ይተዋል?

ሰው በታመመ ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ አገር ላገር ይዞራል፤ በዳነ ጊዜ ግን ያው መድኃኒት በእጁ ላይ ይከብደዋል። ይህ በሕመም ሁሉ ያለ ነገር ነው። ዳሩ ግን በአእምሮ ሕመም ጊዜ ነገሩ ይጠልቃል፤ መዛኙ አእምሮ ራሱ ታሞ የነበረው አእምሮ ነውና። ስለዚህም በቤቴ ያየሁትንና ዐዋቂዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን ለአንባቢዎች ላቅርብ።

የወንድሜ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ በእኔ ዘንድ ቅኔ ሲቈጥር ያደገ ነው፤ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ደርሶ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ እንቅልፍ ከዓይኑ ጠፋ። ማንም ሳይናገር ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ጓደኞቹ በሚቀኙት ቅኔ ሁሉ ውስጥም ኅብሩ እርሱን የሚከስስ መሰለው። ሰሙ ስለ ጻድቃን ቢሆን፥ ስለ ነገሥታት ቢሆን፥ ወርቁ ሁልጊዜ የእርሱ ስም ሆኖ ይታየው ነበር። አንዳንዶች አብሾ ጠጥቶ ነው አሉ፤ ሌሎችም ዓይነ ጥላ ነው አሉ። እኛም ጸበል አስጠመቅነው፥ ወደ ሐኪም ቤትም ወሰድነው። ሐኪሙ ሪስፔሪዶን የሚባል ክኒን አዘዘለት፤ በሁለት ወር ውስጥ ድምፁ ራቀ፥ እንቅልፉም ተመለሰ።

ከዳነ ዓመት ከአራት ወር በሆነው ጊዜ ወደ እኔ መጥቶ «የኔታ፥ ክኒኑን ልተወው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው «ሰውነቴ ወፈረ፥ ጧት መነሣትም ከበደኝ፤ ይህንስ እታገሠዋለሁ። ነገር ግን ድምፁ ሲሄድ ቅኔውም ዐብሮት ሄደ። ቃሉ አለ፥ ምሥጢሩ አይመጣልኝም» አለኝ።

ይህን ቃል እንደ ሰነፍ ምክንያት ልቈጥረው አልወደድሁም። ሊቃውንተ ሕክምና እንደሚያስረዱት ክኒኑ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው መልእክተኛ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ዶፓሚን ለነገሮች ክብደትን የሚሰጥ ነው፤ ከልክ ባለፈ ጊዜ የማይገናኘው ሁሉ የተገናኘ፥ ተራውም ቃል ምሥጢር ያለው ይመስላል። በሩ እጅግ ሲዘጋ ደግሞ ደስታና ትጋት ይቀዘቅዛሉ። እንግዲህ ልጁ የተናገረው እውነት ነው።

በሌላው ወገን ያለውም እውነት እንዲሁ ከባድ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ መድኃኒቶች የመጀመሪያው ክሎርፕሮማዚን በ1952 በፓሪስ ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒኬር ለአእምሮ ሕሙማን ከሰጡት ወዲህ መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች ነገር ብዙ ተመርምሯል። በ2010 የታተመ የሆንግ ኮንግ ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ታመው ቢያንስ አንድ ዓመት መድኃኒት ወስደው የዳኑትን ሰዎች ተመለከተ። በተከታዩ ዓመት ክኒኑን ከቀጠሉት ከመቶ 41፥ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ከመቶ 79 ሕመሙ ተመለሰባቸው። በ2013 ግን የሆላንድ ሐኪሞች 103 ሰዎችን ሰባት ዓመት ተከታትለው ሌላ ነገር ጻፉ፤ በመጀመሪያ መድኃኒቱን ለመቀነስና ለመተው ከተመደቡት ከመቶ 40፥ እንዲቀጥሉ ከተመደቡት ከመቶ 18 ያህሉ ወደ ሙሉ ኑሮ ተመልሰው ተገኙ። በ2018 ደግሞ የሆንግ ኮንጎቹ ሰዎች ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲታዩ ክኒኑ የተቋረጠባቸው ወገኖች ብሰው ተገኙ። ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ፤ ሕመሙ የማይመለስበት ሰው አለ፥ ማን እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ የሚለይ የለም።

ነገሩን በእኛ ቤት ልማድ ባየው «ድኗል» የሚለው ቃል ኅብር ነው። አንደኛው ፍቺው ሕመሙ ሄዷል ማለት ነው፤ ሁለተኛውም ሕመሙ አለ፥ መድኃኒቱ ግን ይዞታል ማለት ነው። የሁለቱ መልክ አንድ ነው። የሚለያቸው መተው ብቻ ነው፤ የፈተናውንም ዋጋ የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ልተው ወይስ አልተው ከማለት ይልቅ፥ በምን ጊዜ፥ በምን መጠን፥ በማን ፊት የሚል ሆኖ ታየኝ።

በጸበሉ ቦታ አንዳንድ ሰዎች ክኒኑን መያዝ የእምነት ጕድለት ነው ብለውት ነበር። ለዚህ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚያስተምረው ይበቃል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን ዐብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ለልጁም «በጸበሉ ስም የሚተው ክኒን የለም» አልሁት፤ ይህን ያለ ክርክር ተቀበለኝ።

ከዚህ በኋላ ሁለታችን ወደ ሐኪሙ ሄድን። ሐኪሙ ልጁን እስከ መጨረሻ ሰማውና እንዲህ አለን፤ ባንድ ጊዜ ማቆም አይገባም፥ ድንገተኛ መቋረጥ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳልና። ደግሞም ክኒኑ ቢገመስ ሥራው በአንጎል ውስጥ እኩል አይገመስም፤ ትንሹም መጠን ብዙ በር ይዘጋልና፥ የመጨረሻው ቅንጣት ከመጀመሪያው ይልቅ በጥንቃቄ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ለጊዜው አንድ አራተኛውን ብቻ እንዲቀንስ፥ ወራትም እንዲቈይበት ተስማማን።

ጊዜውን የመረጥነው እኛ ነን። በዐቢይ ጾም ምግቡ ይዘገያል፥ በሰሙነ ሕማማትም እንቅልፍ ይጐድላል፤ የእንቅልፍ ማጣት ደግሞ ለዚህ ሕመም በር ከፋች ነው። ስለዚህ ቅነሳው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንዲጀመር፥ ልጁም ለጊዜው ከሌሊት ማሕሌት እንዲቀር ወሰንን። ቀጥሎም የሕመሙን ምልክት በገዛ እጁ ጻፈ፤ ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ካደርሁ፥ ከሰው ጋራ መብላት ከተውሁ፥ በሰው ንግግር ውስጥ ስሜን መፈለግ ከጀመርሁ የኔታ ይንገሩኝ፥ እኔም በማግስቱ ወደ ሐኪም እሄዳለሁ አለ።

ስለዚህ የታመመ ዘመድ ያላችሁ ወንድሞች፥ «ልተው ወይ?» ብሎ የሚጠይቃችሁን አትቈጡት። የተቈጡት ሰው መጠየቁን ይተዋል እንጂ ማሰቡን አይተውም፤ ክኒኑን ከምላሱ ሥር አቈይቶ ከደጅ ይተፋዋል። ቤተ ሰቡም ነገሩን የሚያውቀው ሕመሙ ከተመለሰ በኋላ ነው። የሚጠይቅ ሰው ግን ገና ምክር በሚሰማበት ጊዜ ላይ ነው።

ልጁ ከቀነሰ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ እንቅልፉ ደኅና ነው። ባለፈው ሰንበት ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጉባኤ ቃና አሰማኝ። ቤቱ አልመታም ነበር፤ እኔም እንደ ማንኛውም ተማሪ አረምሁት። የቀረውን ክኒን ግን እስካሁን በየማታው ይውጣል።