አላውቅም ማለት ያቃተኝ ቀን

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የእሁድ አምልኮ አልቆ ሰው በየጥጉ ሰላም ሲባባል አንዲት እናት ከኋላ እጄን ያዙኝ። እትዬ ነው የምላቸው፤ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ሦስት ልጆችን ብቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው በማስተምርበት የወጣቶች ክፍል ያደገች ናት። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ደርሷት ለመሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። እትዬ በመሐረብ የተጠቀለለ ገንዘብ ከቦርሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ዕቁብ ደርሶኝ ነው ልጄ፤ 30 ሺህ ብር ነው። ለልጅቷ ላፕቶፕ ግዛላት። እኛ ምን እናውቃለን፤ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ኮሌጅ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ላፕቶፕ የምጠቀመው መሥሪያ ቤት የሰጠኝን እንጂ አንድም ቀን መርጬ ገዝቼ አላውቅም። ያን ሰዓት ማለት የነበረብኝ «አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» ነበር። ነገር ግን «አንተ የተማርክ ነህ» የሚለው ቃል ጣፈጠኝ። «እዳው ገብስ ነው፣ እትዬ» ብዬ ገንዘቡን ኪሴ ከተትኩ።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ብቻዬን ወደ መገናኛ ሄድኩ። ልጅቷን ይዤ አልሄድኩም፤ ለምን ለምን እንደምትፈልገውም አልጠየቅኋትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨምሮ ስለነበር በ30 ሺህ ብር አዲስ የረባ ላፕቶፕ እንደማይገኝ የገባኝ ሁለተኛው ሱቅ ላይ ነው። ዩዝዶቹ ደግሞ መደርደሪያ ሞልተዋል፤ ዓይኔ አዋጅ ሆነብኝ። ሻጩ ልጅ ግራ መጋባቴን ሳያይ አልቀረም። ሰፊ ስክሪን ያለው፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ አንድ ላፕቶፕ አወረደልኝ። «ይሄ ኮር አይ 7 ነው፣ ወንድሜ። አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ አለው። በዚህ ዋጋ ሌላ ቦታ አታገኘውም።»

ሰባት ከአምስት እንደሚበልጥ አውቃለሁ። አንድ ቴራም ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ጥያቄ ብጠይቅ አለማወቄ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁና በ29,500 ብር ገዝቼ ወጣሁ። እትዬ ላፕቶፑን ሲያዩ እንባ በዓይናቸው ሞላ። «ጌታ ይባርክህ» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ልጅቷ ለእረፍት መጣች። ዓርብ ማታ የወጣቶች ፕሮግራም ነበረን። የመዝሙሩን ግጥም በፕሮጀክተር የምናሳይበት ኮምፒውተር ስለተበላሸ «ያንቺን ይዘሽልን ነይ» አልኳት። ይዛ መጣች። ስትከፍተው ጠበቅን፤ አሁንም ጠበቅን። ጸሎቱ አልቆ መዝሙሩ ሊጀመር ሲል እንኳ ስክሪኑ ላይ ክቧ ትዞራለች። በመጨረሻ ተከፈተና ሁለተኛው መዝሙር ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ በመብራት መሄድ አይጠፋም። የእሷ ግን አብሮ ድርግም አለ። ልጅቷ ጥፋቱ የእሷ ይመስል አቀረቀረች።

ከፕሮግራሙ በኋላ ለብቻችን ጠየቅኋት። መጀመሪያ «ደህና ነው፣ ቲቸር» አለች። ደግሜ ስጠይቃት ተናገረች። ባትሪው ከመጀመሪያውም ሃያ ደቂቃ እንኳ አይቆይም ነበር፤ አሁን ጨርሶ ሞቷል። በዶርማቸው ያለው ሶኬት ጥቂት ነው፤ ቀን ወረፋ ስለማይደርሳት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተነሥታ ሶኬት ባዶ ሲሆን ትጽፋለች። ክብደቱ ከነቻርጀሩ ትከሻዋን ስለሚያማት ወደ ላይብረሪ ይዛው መሄድ ትታለች። አብዛኛውን አሳይመንት የጻፈችው በስልኳ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እማዬ ጠዋት ጠዋት 'ላፕቶፑን የመረጠልንን ልጅ ባርክልን' እያለች ትጸልያለች። እንዴት ብዬ ልናገር?»

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝም ብል የሚከሰኝ ሰው የለም። ልጅቷ እንደቻለችው ትችለዋለች፤ እትዬም መባረኩን ይቀጥላሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ያለውን፣ ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የሚናገረውን ክፍል ለወጣቶች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሁልጊዜ የማተኩረው ወጪውን በማስላቱ ላይ ነበር። ሰውዬው ከማስላቱ በፊት መጀመሪያ ቁጭ ማለቱን ልብ ብዬው አላውቅም። እኔ ቆሜ ነው የገዛሁት፤ ያውም በሰው ገንዘብ።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናችንን ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ የሚይዘውን ልጅ ፈለግሁት። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። እሱም ተማሪዬ ነበር። «አላውቅም፤ አስተምረኝ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ከበደኝ እንጂ ከወጣ በኋላ ቀላል ነበር።

እሱ ስለ ዋጋም ስለ ኮር አይም አላነሳም። መጀመሪያ ወደ ልጅቷ ዞሮ «ምን ምን ትሠሪበታለሽ?» አላት። ቆጠረችለት፦ ሞጁል ማንበብ፣ አሳይመንት መጻፍ፣ ትንሽ ኤክሴል፣ ለፕረዘንቴሽን ስላይድ፣ ቴሌግራም፣ አልፎ አልፎ ቪዲዮ። የት የት እንደምትሠራበትም ጠየቃት። «ዶርም፣ ክላስና ላይብረሪ» አለችው። «ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ቶሎ የሚከፈት፣ የሚቆይ ባትሪ ያለውና ለመሸከም የማይከብድ ነው። የቀረው ትርፍ ነው» አላት። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ጥያቄ ነው። እኔ አራት ወር ሙሉ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ የገዛሁትን ላፕቶፕ ገልብጦ አሳየኝ። «ቲቸር፣ ኮር አይ 7 መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እይ።» የኔው 4510 ይላል፤ መነሻው 4 ስለሆነ አራተኛ ጄኔሬሽን ነው። አራተኛው ጄኔሬሽን በፈረንጆች 2013 የወጣ ነው። 8250 ቢል ስምንተኛ፣ 10210 ቢል አሥረኛ ነው። ይህ አራተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 7 ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው 8250 የሚለው ኮር አይ 5 ግን አራት አለው። ሰባቱ ከአምስቱ አነሰ ማለት ነው።

አንድ ቴራውም እንዲሁ ነው። የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ስለሆነ ብዙ ይይዛል እንጂ ዝግ ያለ ነው። ለቀላል ሥራ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከአንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ኮምፒውተሩን ቶሎ የሚያስነሳው እሱ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ነበር፤ ብሮውዘርና ወርድ አብረው ሲከፈቱ ያጣጥራል። ልጁ ቢያንስ 8 ይሁን አለ። ዊንዶውሱም በክራክ የተከፈተ ነበር። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያቆም አስቀድሞ አስታውቆ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። ለአራት ዓመት ትምህርት የገዛሁት ዕቃ ዓመት ሳይሞላው ጊዜው የሚያልፍበት ነበር።

«ጨምሬ አዲስ ርካሽ ብገዛላትስ?» አልኩት። ሳቀ። በጣም ርካሽ የሆኑት አዲሶቹ ብዙዎቹ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና ኢኤምኤምሲ የሚባል 64 ጊጋ ማከማቻ ያላቸው ናቸው። ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ቦታ ይይዘዋል፤ ራሙም ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ ልጨምር ቢሉ አይቻልም። ከዚያ ይልቅ ለቢሮ ሠራተኞች ተብለው የተሠሩ፣ ውጭ አገር ድርጅቶች ተጠቅመው የሚያወጧቸው ይሻላሉ አለ፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቱድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ ዓይነቶቹ። ኪቦርዳቸው ጠንካራ ነው፤ ብዙዎቹ ተከፍተው ራምና ኤስኤስዲ ይቀየርላቸዋል።

የገዛሁበት ሱቅ ዋስትናው አንድ ወር ስለነበር አልመለሰልኝም፤ ጊዜውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ለአዲስ ስልክ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበረኝ። በእሱ ሦስታችን ቅዳሜ ጠዋት ተመልሰን መገናኛ ወረድን። በዚህኛው ጊዜ ልጅቷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን።

ልጁ ያደረገውን እናንተም እንድታደርጉት እጽፍላችኋለሁ። በጠራራ ፀሐይ ሳይሆን ሱቁ ውስጥ፣ ቸኩሎ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ነው ያየው። ላፕቶፑን ጨርሶ አጥፍቶ አስነሳውና ሰዓት ያዘ። ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ገብቶ የይለፍ ቃል ይጠይቅ እንደሆነ አየ፤ ከድርጅት የወጡ አንዳንዶቹ የቀድሞው ባለቤት ቁልፍ ሳይነሳላቸው ይሸጣሉ። ዊንዶውሱ ሕጋዊ መሆኑን አረጋገጠ። የባትሪውን ሪፖርት ከኮምፒውተሩ አወጣ። ሪፖርቱ ባትሪው ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ከግማሽ በታች የወረደውን ተወው። ባዶ ገጽ ከፍቶ ኪቦርዱን ፊደል በፊደል ነካ። ስክሪኑን ነጭ አድርጎ ጥቁር ነጥብ ፈለገ። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ እያንዳንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞከረ። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ብቻ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠው። ሻጩ ሲሰለች «ካልተመቸህ እንሄዳለን» አለው በትሕትና። አልሄድንም።

ሦስተኛው ሱቅ ላይ ባለ 14 ኢንች፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው አገኘን። ጠርዙ ተፍቋል፤ አያብረቀርቅም። ልጅቷ በአንድ እጇ አንሥታ መዘነችውና ፈገግ አለች። 36 ሺህ ብር ከፈልን። የጽሑፍ ሥራዋን በነፃ በሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ እንድትሠራ ልጁ ጫነላት።

ያኛውን ላፕቶፕ አልጣልነውም። ሃርድ ዲስኩን በትንሽ ኤስኤስዲ ቀይረን፣ ነፃ የሆነውን ሊኑክስ ሚንት ጭነን ከቤተ ክርስቲያኑ ፕሮጀክተር ጋር አገናኘነው። እዚያ ከሶኬት አይነቀልም፤ የሚሸከመውም የለም። የመዝሙር ግጥም ለማሳየት ይበቃል። ለእሷ መከራ የነበረው ዕቃ ቦታውን ሲያገኝ ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግለናል።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። እሁድ ከሰዓት እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና አፍልተው ነበር። የመጀመሪያውን ሲኒ ሳልጨርስ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንደማላውቅ፣ ሳልጠይቅ እንደገዛሁ፣ ልጃቸው እኔን ላለማሳፈር ብላ ሌሊት ሌሊት እንደተነሳች። እትዬ ሲኒውን እያዞሩ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ አላውቅም ብትለኝ እኮ አብረን እንጠይቅ ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። የጨመርኩትን ገንዘብ ሊከፍሉኝ ፈልገው እምቢ አልኩ። በምትኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ትኩስ እንጀራ ይልካሉ፤ ያንን እምቢ ማለት አልተቻለኝም።

ዘንድሮ ሁለተኛው ልጃቸው 12ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ከአምልኮ በኋላ እንደገና እጄን ያዙኝ። ለልጁ ስልክ ሊገዙለት አስበዋል። «ምን ዓይነት ይሻለዋል?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ልጁን ልጠይቀውና ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።»