የወንዙን ጠባይ እንወቅ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲሄዱ ከራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሆነው ቁልቁል ተመልክተው ያውቃሉን? በበጋ ቀጭን ሆኖ የሚያዘግመው ውሃ በሐምሌና በነሐሴ ድንጋይ እያንከባለለ ይጮኻል። እኔም የአራዳ ልጅ ነኝና እናቴ፣ «እንጦጦ ከጠቆረ ወንዝ አትውረዱ» ትለን ነበር። ደራሽ ውሃ እኛ ሰፈር ጠብታ ሳይወርድ ይመጣልና። ይህ ምክር ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለምን ቢሉ፣ አየሩ እየሞቀ ነው። በአገራችን እ.አ.አ. ከ1960 እስከ 2006 አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል፤ ሲጥልም በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ያው ሙቀት በበጋ የአፈሩንና የወንዙን እርጥበት ይመጥጣል።

ነገሩን በጓዳችን እንመዝነው። የዓመት ደመወዝዎ ሳይቀነስ በሁለት ወር ተጠቃልሎ ቢሰጥዎና ማስቀመጫ ባይኖርዎ፣ ቀሪዎቹን ዐሥር ወራት በምን ይዘልቃሉ? የወንዝም ነገር እንዲሁ ነው። የዓመቱ ውሃ ባይጎድል እንኳ አመጣጡ ከተዛባ ክረምቱ ጎርፍ፣ በጋው ጥማት ይሆናል። የወንዝ ማስቀመጫው አፈር ነው፤ ዝናቡን አስርጎ በበጋ በምንጭ ይመልሰዋል። ቆርቆሮና አስፋልት ግን የተቀበሉትን ወዲያው ወደ ወንዙ ይለቁታል። ስለዚህ ጥፋቱ የሰማዩ ብቻ አይደለም።

እያንዳንዱን ጎርፍ በአየር ለውጥ ማሳበብ ባይቻልም፣ ጎርፍ የሚያደርሰውን አይተናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ 7 ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል።

ሠራተኛ እናቶች በተለይ ልብ እንበል። ወንዙ የሚሞላው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሰፈር በሚውሉበት፣ እኛም ሥራ ላይ በምንሆንበት ወራት ነው። ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ውሃ ልጅ ጠርጎ ይወስዳል። እንግዲህ ጠዋት ስንወጣ የምሳውን ነገር ብቻ ሳይሆን የወንዙንም ነገር ለጎረቤት አደራ እንበል። ቆሻሻ ወደ ቱቦ አንጣል፤ የተደፈነ ቱቦ ውሃውን ወደ ቤታችን ይመልሰዋልና። የጣሪያችንን ውሃ በበርሜል እናጠራቅም፤ በግቢያችን ያለችውንም ጥቂት አፈር በሲሚንቶ አንድፈናት።

ልጆቻችንንም ደመና ማንበብ እናስተምር። እንጦጦ ሲጠቁር ወደ ቤት የሚሮጥ ልጅ ያለው ወላጅ ሥራው ላይ ልቡ ያርፋል።