የተረሳው ቃልና የሕዝብ መዝገብ

የእህል ጎተራም ሆነ የመንግሥት ግምጃ ቤት ከጥንት ጀምሮ የታመነ ቁልፍ ያዥ ነበረው። ቁልፉ ቢጠፋ ምስክር ቆሞ መዝጊያው ይሰበራል። በዘመናችን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር ቁልፍም ከብረትነት ወደ ቃልነት ተለወጠ። ቃል ግን በአንድ ሰው ልቡና ብቻ ካደረ፣ ያ ሰው ሲዘነጋ ይጠፋል፤ ሲዛወርም አብሮት ይሄዳል።

አርቦዬ በአርሲ የጀጁ ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደዚህች ባለች ከተማ የምትሠራ አንዲት የጤና መረጃ ባለሙያ ትታሰብ። የአገሪቱ የጤና ዘርፍ ሪፖርቱን የሚያጠናቅርበት ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለው ሥርዓት መረጃውን የሚያኖረው ፖስትግሬስኪውኤል በሚሰኝ የመረጃ ቋት ነው። የተከተቡ ሕፃናት፣ በጤና ጣቢያ የወለዱ እናቶች፣ በወባ የታመሙ ሰዎች ቁጥር በዚያ ተመዝግቧል። ከእርሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ ወደ አሰላ ተዛውሯል። የቋቱን የበላይ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ቢጠየቅ አያስታውሰውም፤ ጽፎም አልተወውም።

ኮምፒዩተሩ ራሱ ቃሉን ይነግራት ይሆን? አይነግራትም፤ እርሱም አያውቀውምና። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንዱን ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ሲያካፍሉ፣ የየሰዉን ፋይል ለመለየት በይለፍ ቃል ተጠቀሙ። ያን ጊዜ ቃላቱ እንዳሉ ተጽፈው ይቀመጡ ስለነበር መዝገቡን ያገኘ ሁሉ ያነባቸው ነበር። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ የተሻለውን መንገድ አስረዱ፤ ኮምፒዩተሩ የቃሉን አሻራ እንጂ ቃሉን አያስቀምጥም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ አሻራቸው እንዲለያይ «ጨው» የሚባል የዘፈቀደ ጭማሪ ይደባለቅበታል። ስለዚህ የተረሳ ቃል በሌላ ይተካል እንጂ ከቋቱ ተፈልጎ አይገኝም።

የመተካቱ ሥራ አጭር ነው። ባለሙያዋ በኮምፒዩተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ካላት፣ ማን በምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚገባ የሚወስነውን ፋይል ገልብጣ ታስቀምጣለች። ከዚያ በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሰው ብቻ ያለ ቃል እንዲገባ ትፈቅዳለች፤ ቋቱ ደንቡን ዳግም እንዲያነብ ታዛለች፤ ገብታም አዲስ ቃል ትሰጣለች። በመጨረሻም የቀድሞውን ደንብ መልሳ ቋቱ እንደገና እንዲያነበው ታደርጋለች። ይህን የመጨረሻ እርምጃ ከዘለለች፣ በዚያ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያለ ጠያቂ ገቢ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ማሽኑን በእጁ ያደረገ መዝገቡንም ይከፍታልና፣ የክፍሉ በር ጥበቃ ከይለፍ ቃሉ ጥበቃ አያንስም። ሁለተኛውን የመንደር ቁጠባ ማኅበራት አስቀድመው ያውቁታል፤ ብዙዎቹ የጋራ ሣጥናቸውን በሦስት ቁልፍ ዘግተው ቁልፎቹን ለሦስት አባላት ያከፋፍላሉ። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ይባል የለምን? አዲሱ ቃልም በፖስታ ታሽጎ በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ይቀመጥ፤ ሲከፈት ሁለት ሰው ይፈርምበት፤ ሠራተኛ በተዛወረ ቁጥር ከንብረት ርክክቡ ጋር ይተላለፍና ይለወጥ። የሕፃናቱ ክትባት መዝገብ የሕዝብ ነውና መክፈቻውን በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ብቻ መተው አደራን ማጉደል ነው።